የተቆረጠው የፍሬን ቡሎን

የቡሎን ማጥበቂያው ቶርክ ሬንች በተሞላለት ቁጥር ደርሶ ቀጭ ካለ በቃ። ቡሎኑ የሚፈልገውን ያህል ጠብቋል ማለት ነው፤ እጅህን አንሳ። ይህን ለመረዳት ስንት ዓመት መማር ያስፈልጋል? ካርቱም ውስጥ ግን «ለመተማመኛ» ብሎ አንዴ ሳይጨምር የሚተው መካኒክ አላየሁም። ደንበኛውም ካላላበህና ካላቃሰትክ የሠራህ አይመስለውም። በዚህ ነገር ስቃጠል የኖርኩት እኔ ነኝ።

ካርቱም፣ ሳጃና ሰፈር ውስጥ የሞተር ሳይክል መጠገኛ የከፈትነው ሁለት ሆነን ነው። እኔ በፖለቲካ ምክንያት ከአገሬ የተሰደድኩ፣ አገሬ ሳለሁ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ባልደረባዬ እናቱ ኢትዮጵያዊት፣ አባቱ ሱዳናዊ፣ እዚያው ካርቱም ዴም ሰፈር ተወልዶ ያደገ፣ የሦስት ልጆች አባት ነው። ኡስታዝ ነበር የሚለኝ፣ አስተማሪ ለማለት። ሬንቹ የእኔ ነው፤ አያያዙን ያሳየሁትም እኔ ነኝ። ቡሎን በተቆረጠብን ቁጥር የምጮኸው ግን በእሱ ላይ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ከካላክላ ሰፈር ዳቦ የሚያመላልስ ደንበኛችን ሞተሩን በመኪና አስጭኖ፣ ክንዱን በሻሽ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መጣ። የፊት ፍሬኑን የሚይዘው ቡሎን ተቆርጦ፣ ፍሬኑ እምቢ ብሎት ከግንብ ተላትሟል። ቡሎኑን ያሰረው ባልደረባዬ ነበር።

ምንም አልጠየቅኩም። ደጃችን ባለው በረንዳ ላይ ሻይ የሚጠጣው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ከቀጭ በኋላ ጨምረሃል! ሰው ልትገድል ነበር!» አልኩት።

«ወላሂ አልጨመርኩም፣ ኡስታዝ። ቀጭ አለ፣ ኻላስ፣ ተውኩት።»

«ውሸታም!» አልኩት። ማንም ሳይገባው እንዳይቀር በዐረብኛም ደገምኩት። ቱታውን አውልቆ አጣጠፈና ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ሄደ።

በማግስቱ አዲሱን ቡሎን ለማሰር ብቻዬን ተቀመጥኩ። የካርቱም አቧራ የቡሎን ጥርስ ውስጥ እየገባ ስለሚያስቸግር ማንኛውንም ቡሎን ከማስገባቴ በፊት የሞተር ዘይት እቀባዋለሁ። ባልደረባዬንም ያስተማርኩት እንዲሁ ነው። ሬንቹን የሞተር ሳይክሉ መመሪያ መጽሐፍ በሚለው ቁጥር ላይ አድርጌ ቀስ ብዬ ሳብኩ። ቀጭ ይላል ብዬ ስጠብቅ እጄ ላይ ላላ፤ ተቆረጠ።

መመሪያውን ገለጥኩ። ከቁጥሩ ሥር አንዲት መስመር አለች። ቁጥሩ የሚሠራው ጥርሱ ደረቅ ሲሆን ብቻ ነው ትላለች። ለካ ዘይት የነካው ቡሎን እየተንሸራተተ ስለሚዞር፣ ሬንቹ ቀጭ ከማለቱ በፊት ከአቅሙ በላይ ይወጠራል። ያን ሁሉ ዓመት ቁጥሩን አንብቤ መስመሯን ዘልያታለሁ። አስተማሪው እኔ! መመሪያውን ከግድግዳው ጋር አላተምኩት። ሌላ የምሰድበው ሰው አልነበረም።

ባልደረባዬ ካላክላ ሌላ ጋራዥ ውስጥ ሥራ መያዙን ሰምቼ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኩት። እጁን በጨርቅ እየጠረገ አዳመጠኝ።

«ይህን ሳጃና ለነዚያ ሻይ ጠጪዎች ትነግራቸዋለህ?» አለኝ።

«ነገውኑ።»

«ኢንሻላህ» ብሎ ወደ ሥራው ዞረ።

በማግስቱ ሻይ ጠጪዎቹ እንደ ልማዳቸው በረንዳው ላይ ነበሩ። አንደኛው የዚያ ፍሬን ነገር ምን ሆነ ብሎ ጠየቀኝ። አፌን ከፈትኩ። «የዘንድሮ ቡሎን ምን ብረት አለው ብለህ ነው?» አልኩት። ሁሉም እውነት ነው እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ።

እሱን ለመስደብ ሁለት ቋንቋ ያልበቃኝ ሰው፣ ስሙን ለማጥራት አንድ ቃል አጣሁ። በራሴ ላይ ያለኝ ንዴት እስከ ዛሬ አልበረደም። ይኸው አሁን ሁሉንም ጻፍኩት፤ እሱ ግን አማርኛ ይናገራል እንጂ ማንበብ አይችልም። የጻፍኩትም ይህን ስለማውቅ ነው።