የዜሮዎቹ ካርቶን

ያስተማረን ሰውዬ ትያትር ይወድ ነበር፤ ችሎታው ግን አልነበረውም። ያኔ ረሆቮት ውስጥ የኔትወርክ ኮርስ እወስዳለሁ። በኮርሱ መጨረሻ እሱ የመረጠው ተማሪ ቴል አቪቭ ሥራ ያገኛል ተብሏል። እናቴ ሥራውን ከወዲሁ ለሰፈራችን ለክርያት ሞሼ በሙሉ አውርታ፣ ባቡር ላይ የምይዘውን ቦርሳ ሳይቀር ገዝታልኛለች። ምላሴን ስለምታውቅ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ታስጠነቅቀኛለች፦ «ልጄ፣ ሥራውን እስክትይዢ አፍሽን ሰብሰብ አርጊ።»

አንድ ቀን መምህሩ ካርቶን ቆራርጦ መጣ። በኢንተርኔት የሚላክ እያንዳንዱ የመረጃ ጥቅል ከፊቱ የሚሸከመውን ራስጌ በሰው ሊያሳየን ነው። ተሰለፍን። የመጀመሪያው ልጅ የሥሪቱን ቁጥር ያዘ፤ ቀጣዩ ራስጌው ስንት ረድፍ እንደሆነ የሚናገረውን ርዝመት። ወደ ኋላ ደግሞ ጥቅሉ ስንት ራውተር ማለፍ እንደሚችል የሚናገረው ዕድሜ፣ የራስጌው ቁጥሮች ተደምረው ስህተት የሚጣራበት ማረጋገጫ ድምር፣ የላኪው አድራሻ፣ የተቀባዩ አድራሻ። ከሁሉም ኋላ፣ «አማራጭ» የሚባለውን ከያዘው ልጅ ጎን፣ እኔን አቆመኝ። ካርቶኔ ላይ ዜሮ ብቻ ነው የተደረደረው።

«አንቺ መሙያ ነሽ፣ ሞተክ» አለኝ፣ በዕብራይስጥ «የኔ ማር» እንደ ማለት፤ «መናገር አይጠበቅብሽም።»

መሙያ ማለት የመጨረሻው ረድፍ ጎዶሎ እንዳይሆን የሚጨመር ባዶ ነገር ነው። ከክፍሉ ኢትዮጵያዊት እኔ ብቻ ነበርኩ። አስቦበት ይሁን ሳያስብ፣ እሱ ያውቃል።

የርዝመቱ ካርቶን ላይ አምስት ተጽፏል። አምስት ረድፍ ደግሞ የሚያልቀው የተቀባዩ አድራሻ ላይ ነው። አላስቻለኝም። «አምስት ከሆነ እኔና ይሄ ልጅ የለንም» ብዬ ሄጄ ተቀመጥኩ።

ሰውዬው ሳቅ ብሎ ማርከሩን አወጣ። አምስቱን ሰርዞ ስድስት አደረገው። «ቤሰደር፣ እሺ፣ አሁን አለሽ። ያላ፣ ተነሺ።»

በማርከር ፈጠረኝ ማለት ነው። ቦርሳው ትዝ ቢለኝ ተነሣሁ። ርዝመቱ ሲቀየር ድምሩም እንደገና መሰላት እንዳለበት፣ ያለዚያ መንገድ ላይ ያለው የመጀመሪያው ራውተር ጥቅሉን እንደሚጥለው አውቃለሁ። ድምሩን የያዘችው ልጅ የድሮውን ቁጥር ታቅፋ ፈገግ ትላለች። ሰውዬው ለማይደርስ ጥቅል አጨበጨበ። እኔ አፌን ሰበሰብኩ።

ሥራውን ያገኘው ያንን አምስት ይዞ ተገትሮ የነበረው ልጅ ነው። እኔስ ብዬ ስጠይቀው መምህሩ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርጎ፣ «ጎበዝ ነሽ፤ ግን ዝምተኛ ነሽ። እዚያ የሚፈልጉት የሚናገር ሰው ነው» አለኝ።

ቤት ገብቼ ይህንኑ ለእናቴ ነገርኳት። ቦርሳውን ከተሰቀለበት አውርዳ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ከዚያን ቀን ወዲህ አፍሽን ሰብስቢ ብላኝ አታውቅም።