«ምንም አልሆንኩም» ባዩ ልብስ ሰፊ

ባሌ ልብስ ሰፊ ነው። ሠላሳ ዓመት የሰፈሩን ሱሪ ሲያሳጥር የኖረ፣ እጁ ወርቅ፣ ምላሱ ግን መከራዬ የሆነ ሰው።

ግራ ዓይኑ ደከመ። ሐኪሙ «እስከ ወሩ መጨረሻ ቀዶ ጥገና ካልተደረገለት አይመለስም» አለን። ገንዘቡ ከየት ይምጣ? የእህቴ ልጅ «አክስቴ፣ አታስቢ» ብላ ኢንተርኔት ላይ የእርዳታ ገጽ ከፈተችለት። ፎቶውንና የሐኪሙን ወረቀት አስገባች። አሠራሩንም አስረዳችኝ፤ ሰው ካለበት ሆኖ በካርዱ ይሰጣል፣ ድርጅቱ ይይዘዋል፣ አጣርቶና ኮሚሽኑን ቆርጦ ይልክልናል። ገጹ ላይ የጻፍነው ገንዘብ በአሥር ቀን ሞላ! እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ለካ የኔው ጉድ ሱቁ ውስጥ ሌላ ሥራ ይዟል! ገጹን ያየ ደንበኛ «ምነው፣ ታመሙ እንዴ?» ሲለው «ኧረ ምንም አልሆንኩም! ልጆቹ ናቸው የሚያካብዱት» ይላል። አንዱ ደንበኛ ታዲያ ገጹ ሥር ጻፈ፤ «ሰውየውን በአካል ጠይቄዋለሁ፣ ጤነኛ ነኝ ብሎኛል። ተጠንቀቁ።» በማግስቱ ድርጅቱ ገንዘቡን አገደ። ታካሚው ራሱ በቪዲዮ ካላረጋገጠ ለሰጪዎቹ ይመለሳል አሉ።

ደሜ ፈላ። ልጅቷን አስከትዬ ሱቁ ገባሁ።

«አንተ ሰውዬ፣ በጨዋነትህ ልትገድለኝ ነው?»

«ታዲያ ለማኝ ልሁንልሽ?»

«ለማኝስ የጎደለውን አይደብቅም!»

ልጅቷ ስልኳን ደገነች። «ጋሼ፣ እውነቱን ብቻ ይንገሩኝ፣ እሺ? ዓይንዎ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው፣ ምስጋና ይግባው።»

ወይ አለመታደል! ደግማ ጠየቀችው፤ ደግሞ «ደህና» አላት። በሦስተኛው መቀሱን ከእጁ ነጥቄ ወረወርኩት። ጠረጴዛው ላይ፣ ፊት ለፊቱ አረፈ። እሱ ግን ወለሉን በእግሩ ይፈልጋል፣ ወንበሩን ይዳብሳል። ልጅቷ ስልኳን ወደሱ አስጠጋች።

«ቀኙም ከሄደ ወር ሆነው» አለ፣ ለስልኩ እንጂ ለኔ አይደለም። «አሁን የምቆርጠው በእጄ እየለካሁ ነው። እርዱኝ።»

በየማለዳው «ዓይንህ እንዴት አደረ?» እለው ነበር። «ደህና» ይለኝ ነበር። ለደንበኛስ ይሁን፣ ለኔ! ለገዛ ሚስቱ! ቀድሞ ቢናገር ኖሮ ገጹ ላይ ሌላ ቁጥር እንጽፍ ነበር። የሞላው ገንዘብ የአንድ ዓይን ነው።