አራት መቶ አሥራ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር

ሶፋ አዳሿ ጋሪ መከራየት አንገሽግሿት ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ሶፋ ስትፈታ፣ ስፖንጅ ስትቆርጥ፣ ጨርቅ ስትወጥር የኖረች ሴት ናት፤ ሳቋ ከሱቋ አልፎ ማዶ ይሰማል። አንድ ቀን ግን አዲስ ያለበሰችው ነጭ ሶፋ ጋሪ ላይ እንዳለ ዝናብ አበሰበሰው። «በቃ! አሮጌም ቢሆን መኪና እገዛለሁ» አለች።

ባሏ የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ሳያሰላ ውኃ አይጠጣም። «እሺ፤ ግን ከመቶ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሄደ ካየሽ ዞር በይ» አላት።

ቅዳሜ ጠዋት ደላላው ሁለት ፒካፖች አሳያቸው። አንደኛው ቀይ ነው፤ ተወልውሎ መስታወት መስሏል። ቆጣሪው ዘጠና ሺህ ይላል። የባል ፊት በራ። «ይኸው! ገና ልጅ እኮ ነው!»

ሁለተኛው ጎኑ የተላጠ ግራጫ ነው፤ ባለቤቱ ጡረታ የወጡ ዳቦ አከፋፋይ ናቸው። ባል ቆጣሪውን ሲያይ፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሺህ!

«ጉድ! ይሄማ ጨረቃ ደርሶ መመለስ ጀምሯል!»

ሽማግሌው ሳቁ። «እውነትህን ነው ልጄ። በሩ አንዳንዴ እንቢ ይላል፣ ራዲዮኑም ከሞተ ቆየ። የዘይት መቀየሪያ ጊዜውን ግን አንድም ቀን አሳልፌበት አላውቅም።»

ሚስት ቀዩ ውስጥ ገባችና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ተነሳች። ደግማ ተቀመጠች። ከዚያም የሽፋኑን ጠርዝ በጣቷ ገለጥ አደረገች።

«ሞተሩን አያዩም እንዴ እመቤቴ?» አለ ደላላው።

«ሞተር አላውቅም፤ ወንበር ግን አውቃለሁ። ሽፋኑ አዲስ ነው፣ ውስጡ ግን ዱቄት ሆኗል። ዘጠና ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ የተቀመጡበት ስፖንጅ እንዲህ አይደቅም። የፍሬኑ መርገጫም ተበልቶ ብረቱ ወጥቷል። ወንድሜ፣ ቆጣሪውን ወደ ኋላ መለሳችሁት፤ ወንበሩንስ ማን ይመልሰዋል?»

ደላላው ያልጮኸ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ «ሃሎ! ሃሎ!» እያለ ሹልክ አለ።

ባል ግን እጅ አልሰጠም። «የዚያ መዋሸት ይሄን ግራጫ ወጣት አያደርገውም» አለ። እሷም በልቧ ፈርታለች፤ ያላት ያው ያጠራቀመችው ብቻ ነው። ስለዚህ ከሽማግሌው ጋር ግራጫውን ይዘው «ጆሮ» ወደሚሉት መካኒክ ሄዱ። ጆሮ እንደ ስሙ ነው፤ ሞተሩን አስነስቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ብዙ አዳመጠ። የሰፈሩን ዳገትም ወጥቶበት መጣ።

«ጤነኛ ሽማግሌ ነው» አለ በመጨረሻ። «ክላቹ ግን ዓመት አይደርስም።»

«ለክላቹ የሚሆነውን እቀንስልሻለሁ፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው ሳይጠየቁ።

ባልና ሚስት ተያዩ። «አንተ አስላ» አለችው። እሱም ጭንቅላቱን አከከ፣ ሰማይ ሰማይ አየ፣ ከዚያ «ግዢው» አለ።

ሰኞ የመጀመሪያውን ሶፋ ሲጭኑ ባል «እንዳይወድቅ ልያዘው» ብሎ ኋላ ወጣ። ቆሞ ይይዛል ስትል፣ ሶፋው ላይ እግሩን አጣጥፎ ተንፈላሶ ነበር፤ በትምህርት ቤቱ በር ሲያልፉም ለተማሪዎቹ እጁን እያውለበለበ «መኪናችን ነው!» ይል ነበር። እሷ ደግሞ ከመሪው ጀርባ እየሳቀች፣ ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ቀስ እያለች ወጣችው።