አሪቲ ያሰጠመ መምህር

ከደብረ ብርሃን የወጣሁት ጎህ ሳይቀድ ነው። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። እናቴ ከጓሯችን የቆረጠችውን አሪቲ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተተችልኝ።

“አገሩ ሲከፋህ አሽትተው” አለችኝ።

እኔ ደግሞ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ አሶሳ የተመደብኩት ስለ ዕፅዋት ላስተምር ነው። “እማዬ፣ ይኼ ቁጥቋጦ እኮ ድርቅ ይችላል፣ በጋ ከክረምት ቅጠሉ አይረግፍም፤ እዚያ ዛፍ ነው የሚያክልልኝ” አልኳት። እስኪ ትዕቢቴን እዩልኝ!

መንገድ ላይ አውቶቡሳችንን አንድ ኬላ አስቆመውና ፈታሹ ጨርቁን ፈታ።

“ምንድን ነው? ጫት ነው?”

“አሪቲ ነው። ጫት እንዲህ ብር ይመስላል እንዴ?”

“ፈቃድ አለው?”

“የሽታ ፈቃድ የት ነው የሚሰጠው ጌታዬ?”

አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። ፈታሹ ግን አንድ ቅጠል ቀንጥሶ አኘከና ፊቱ ተጨማደደ። “ሂዱ! ሂዱ!” አለ እየተፋ። መራራነት ከመታወቂያ የተሻለ እንደሚያሳልፍ ያን ዕለት ተማርኩ።

አሶሳ ስደርስ ሙቀቱ እንደ ዘመድ አቀፈኝ፤ አልለቅም አለኝ እንጂ። እኛ አገር ሰው ፀሐይ ሊሞቅ ይወጣል፣ እዚህ ከፀሐይ ይሸሻል። እኛ አገር ማንጎ የታማሚ መጠየቂያ ነው፣ እዚህ ፍየሎቹን ሳይቀር ሰልችቷቸዋል።

“የመምህራን መኖሪያ አለ ተብዬ ነበር” አልኩት የቤት ጉዳይ ኃላፊውን።

“አለ።”

“ታዲያ ቁልፉን?”

“ሰው ገብቶበታል።”

ስለዚህ ሐጂ አልኑር ግቢ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ሐጂ የአገሩ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ እስከ ድንበሩ ኩርሙክና ከዚያም ማዶ እስከ ሱዳን ሲነግዱ ኖረዋል። አማርኛን የለመዱት በገበያ ስለሆነ በእሳቸው አፍ እናቴም “እሱ” ናት።

አሪቲውን ማንጎው ጥላ ሥር ተከልኩት። ፍግ ጨመርኩለት፣ ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጣሁት። ሐጂ ቆመው አዩኝ።

“መምህር፣ እሱ ውሃ አይወድም። ፀሐይ ይፈልጋል።”

“ሐጂ፣ እኔ የተማርኩት ይህንኑ ነው።”

“ወላሂ? ስንት ዓመት?”

“ሰባት።”

“ማሻአላህ። ስምንት ይሻል ነበር።”

ክረምቱ ገባ። የአሶሳ ዝናብ አይዘንብም፣ ይደፋል። ብርማው ቅጠል ጠቆረ። ጥፋቱን ለአፈሩ፣ ለምስጡና ለአየሩ አከፋፈልኩት፤ ለእኔ ምንም አልተረፈኝም።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ድርቅ የሚችል ተክል ውሃ ሲበዛበት ሥሩ እንደሚበሰብስ ለተማሪዎቼ በሚገባ አስረድቼ ወደ ቤት ስመለስ፣ ሐጂ ላስቲክ ተከናንበው ጭቃ ላይ ተንበርክከዋል። አሪቲዬ ተነቅሎ እጃቸው ላይ ነው።

“ማን ንካ አለህ?” ብዬ ጮህኩ።

አንተ አልኳቸው። የአባቴን እኩያ።

ሐጂ ቀና ብለው አዩኝ። የበሰበሰውን ሥር በቢላ ቆርጠው ጣሉ። ፀሐይ የሚያገኘው ግንብ ሥር፣ ከድንጋይና ከአሸዋ በሠሩት ከፍ ያለ መደብ ላይ ተከሉትና ወደ ቤታቸው ገቡ። ከዚያ በኋላ ለቀናት ሰላምታዬን በእጃቸው ብቻ እየመለሱ ያልፉኝ ጀመር። ማታ ማታ ከሐጂ ጋር የምንቀመጥበት የግቢው አግዳሚ ላይ ብቻዬን ስቀመጥ፣ አሶሳ ውስጥ ሌላ የማውቀው ሰው እንደሌለ ገባኝ።

ዝናቡ ጋብ ሲል አሪቲው ጥፍር የምታክል ብርማ ቅጠል አወጣ። በራቸውን አንኳኳሁ።

“ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።”

“ለማን? ለእኔ ወይስ ለእሱ?”

“ለሁለታችሁም።”

ሳቁና አግዳሚው ላይ ቦታ ለቀቁልኝ። “እኔ ሱዳን ስኖር ከዚህ የሎሚ ችግኝ ወሰድኩ። በውሃ ገደልኩት” አሉ። “አገር የናፈቀው ሰው ውሃ ያበዛል።”

ሰባት ዓመት ስማር ይህን ማንም አልነገረኝም።

ይኸው ሦስት ዓመት ሆነኝ። አሪቲው ወገቤ ደርሷል። በበጋ ሣሩ ሁሉ አሮ እሱ አንድ ኩባያ ውሃ አይጠይቅም። ጎረቤቱ ሁሉ ቅርንጫፍ ይለምነኛል፤ እኔም የባለሙያ ፊት አድርጌ “ውሃ እንዳታበዙ” እላለሁ።

ባለፈው ሳምንት፣ ከመጣሁ ጀምሮ ስለምነው የነበረው ወደ ደብረ ብርሃን ዝውውር ተፈቀደ። ደብዳቤው አንድ የፊደል ስህተት እንኳ የለበትም፤ እንዲህ ያለ የቢሮ ደብዳቤ አይቼ አላውቅም። በማግስቱ እናቴ ደወለች።

“ዝውውሩስ?”

“ገና ነው እማዬ።”

“ምን ይሉሃል?”

“ነገ ና ይሉኛል።”

“ወፍራም ብርድ ልብስ ገዛሁልህ እኮ። ሙቀት ለምደህ ብርዱን እንዳትፈራው ብዬ።”

ከውጭ ሐጂ ተጣሩ፦ “መምህር! እናትህ ነው? ሰላም በለው!”

“ማነው እሱ?” አለች።

“አከራዬ ናቸው” አልኳት። ሌላ ቃል እየፈለግሁ ሳለ መስመሩ ተቋረጠ።

መልሼ ደወልኩላት። ቃሉን ግን ገና አላገኘሁትም ነበር፤ ሁለት ጊዜ እንደጠራ፣ ሳታነሳ ዘጋሁት።