መፋዛ ላይ ሰሊጡ ሲከፈት

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሃና ከኮሌጅ ደወለች። ፋይናንስ ልትማር ከገባች ገና ወሯ ነው። የመጀመሪያው ትምህርት ቀላል ነው አለችኝ፤ ዋጋ ማለት ገዢና ሻጭ የተስማሙበት ነው። እሺ አልኳት። ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ ግን ወረቀትና እስክሪብቶ ፈለግኩ። ታላቅ ወንድሜ ሙላት ይህንኑ ሊማር ነበር። ነገሩን ጽፌው አላውቅም። እስቲ ልሞክር።

ያኔ የምንኖረው ሱዳን ውስጥ፣ ገዳሪፍ ነበር። ከጎንደር በኩል ጦርነቱን ሸሽተን ከእናታችን ጋር የገባን ነን። እኔ ሁለተኛ ደረጃ እማር ነበር፤ ሙላት ግን የሱዳንን ፈተና በዐረብኛ ተፈትኖ፣ ካርቱም ያለው ትልቁ የንግድ ኮሌጅ ተቀብሎታል። ከሰፈራችን ሐበሻ እዚያ የገባ አልነበረም። ባንክ ነው የምሠራው ስለሚል በየዓመቱ ሰሊጥ አብሮን የሚያጭደው ሠራተኛ ሁሉ "ባንኩ" ይለው ጀመር። የቀረው ለመንገድና ለመመዝገቢያ የሚሆን ገንዘብ ነበር። ያንን እንደ ሌላው ዓመት ከሰሊጥ አጨዳ እናገኛለን ብለን በሎሪ መፋዛ ወደሚባለው የእርሻ ቦታ ወረድን።

ሰሊጥ ጠባዩ ልዩ ነው። እንደ ማሽላ ቆሞ አይጠብቅም። ሲደርስ ፍሬውን የያዘው ቅርፊት ከጫፉ ይከፈታል፤ ከዚያ ነፋስ ሲነካው ወይም ሰው ሲያልፍበት መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ በመኸር ጊዜ የሚቸኩለው ባለእርሻው ነው። ሙላት ይህ ነገር ቀድሞ ገባው። ሠራተኞቹን፣ ማጭዳችሁን አስቀምጡ፣ ሰሊጡ ራሱ ይከራከርልናል ይላቸው ነበር። የባለእርሻው ወኪል ኡስማን ይሳደባል፣ ይራገማል፣ መጨረሻ ላይ ክፍያውን ይጨምራል። በየዓመቱ እንዲህ ነበር።

ያን ዓመት ዝናቡ አንሶ፣ የበቀለውም ጥቂት ነበር። ሠራተኛው ግን እንደ ልማዱ ግራር ሥር ተቀመጠ። ፉል ኪስራ በሚሉት ደረቅ የማሽላ ቂጣ እየበላን ወኪሉን እንጠብቃለን። አባባ ይርጋ የሚባሉ ቀልደኛ ሽማግሌ ነበሩ።

"ባንኩ፣ ካርቱም ስትገባ ለኔ አንድ መስኮት ክፈትልኝ" አሉት። "ማበደር ብቻ እንጂ መመለስ የሌለበት።"

"አንቱማ አባባ፣ መስኮቱንም ነቅለው ይወስዱታል" አላቸው።

ሳቅን። እሱም ሳቀ።

ወኪሉ ሲመጣ ብቻውን አልነበረም። ሁለት ሎሪ ሙሉ ሰው አስከትሏል። ከድንበሩ ማዶ ረሃቡን ሸሽተው የመጡ፣ ከካምፕ የተጫኑ ናቸው። ከሎሪው ሲወርዱ አይዘሉም፤ ይንሸራተታሉ። ክርናቸው ከክንዳቸው ይወፍራል። ወኪሉ ማጭድ አደላቸው። የሚከፈላቸው ማታ ማታ የማሽላ ገንፎ ነበር። የናንተው ሰዎች ናቸው፣ ከእነሱ ጋር ተከራከሩ ብሎን ወደ መኪናው ጥላ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያለውን... እንዴት ልበለው። መጀመሪያ ከኛ በኩል ስድብ ነበር። ቀጥሎ ድንጋይ። ቀጥሎ ዱላ። ከአዲሶቹ አንዱ ጥርሱ ረግፎ፣ ደም እየተፋም ማጨዱን አላቆመም። አንዲትን ሴት የኛ ሰዎች በጸጉሯ ጎትተው ከእርሻው አወጧት፤ ነዶዋን አልለቀቀችም። አባባ ይርጋ፣ አሁን ያሳቁን ሰው፣ የአንዱን ጎረምሳ እግር በዱላ ሲሰብሩት አየሁ። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት።

ሙላት ባዶ እጁን መሐል ገባ። የኛዎቹን ገፍቶ መለሰ። ከዚያ ወደ አዲሶቹ ዞረ።

"ወንድሞቼ፣ ዛሬን ብቻ ታገሡ" አላቸው። "ነገ ለሁላችንም ይጨምራል።"

ከፊቱ የቆመው ሰው እንደኛው የጎንደር ሰው ነበር። አነጋገሩ ያስታውቃል። አልጮኸም።

"ይቺ ልጄ ለነገ አትደርስም" አለው፣ ከነዶው ጥላ ሥር ወዳስተኛት ሕፃን እያመለከተ።

ሙላት ማጭድ የያዘበትን ክንዱን ያዘው። ሊመታው አይደለም። ሊያስረዳው ነው፤ ማስረዳት ይወድ ነበር። ሰውየው እጁን ለማስለቀቅ ማጭዱን ሳበ። የወንድሜ አንገት ሥር ገባ።

ስደርስ ተንበርክኳል። ደሙ በጣቶቼ መሐል ይወጣል፤ ብጫነውም ይወጣል። የረገጥነው ሰሊጥ ፍሬውን እላያችን ላይ ያረግፋል። ሊናገር ሲል ትንፋሹ ከአፉ ሳይሆን ከቁስሉ ወጣ። ሰውየው ማጭዱን ጥሎ ቆሞ ያየናል። አልሮጠም። የኛዎቹ ወደቁበት። ቀና አላልኩም፤ ዱላው ሲያርፍበት፣ በኋላም ድምፁ ሲጠፋ ሰማሁ። ሕፃኗን ማን እንደ ወሰዳት እስከ ዛሬ አላውቅም። ፀሐይዋ ሳትጠልቅ አጨዳው ቀጠለ።

ወንድሜን በዚያው ሎሪ ወደ ገዳሪፍ መለስነው። የኮሌጁ ምዝገባ ሲዘጋ እናቴ ገና የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ነበረች። እኔ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሼ ሱቅ ገባሁ። አሁንም ሱቅ ውስጥ ነኝ።

ሙላት አልተሳሳተም ስል ብዙ ዓመት ኖርኩ። ሰሊጥ አይጠብቅም፤ እውነቱን ነው። የተራበ ሰውም አይጠብቅም። ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፣ እኛም ተርበን እናውቃለን። ሒሳቡ ውስጥ ግን አላገባውም። የሚያስብበት ዕድሜ ቢያገኝ ኖሮ ያገባው ነበር።

ለሃና እስካሁን አልነገርኳትም። እሑድ ስትደውል እነግራታለሁ። ትምህርቷን ጨርሳ አንድ ቀን ባንክ ውስጥ ትቀመጣለች። ከፊቷ የሚቆም ሰው የተባለውን ሁሉ ሳይከራከር ከተቀበለ፣ ተስማማ ብላ ከመጻፏ በፊት ቀና ብላ ፊቱን ትየው።