የአድማሴ ባትሪና የፍልሰታ ጉም

በ1979 ዓ.ም. ፍልሰታ ወደ ቅዳሴ ስሄድ በረዶ ጣለ። በብልባላ ክሊኒክ አጥር ሳልፍ እማማ ባንችይርጋ ጋቢያቸውን አውልቀው፣ ግቢው ውስጥ በብረት እግር የቆመውን የፀሐይ ሰሌዳ እንደ ሕፃን ሲያለብሱት አየሁ። ራሳቸው በቀሚስ ብቻ ቀርተው ይንቀጠቀጣሉ።

ጤና ረዳቱ አድማሴ ሮጦ ወጣ።

«ምነው እማማ! ባትሪው የሚሞላው በዚህ እኮ ነው፤ ፀሐይ ከለከሉት!»

«የቱን ፀሐይ? ከሐምሌ ወዲህ ያየኸው ካለ አሳየኛ! በረዶ እንዳይሰብርብህ ብዬ እንጂ።»

ጋቢውን አራግፎ መልሶ አለበሳቸው። እኔም በረዶው እስኪያባራ ከእሱ ክፍል ተጠለልሁ።

አድማሴ የፍላቂት ገበሬ ልጅ ነው። በ77 ድርቅ በመጠለያ ሲሠራ ኩፍኝ ሕፃናቱን እንዴት እንደፈጀ አይቷል። የክትባት ማቀዝቀዣው ከነሰሌዳውና ከነባትሪው የመጣለት ዕለት፣ መንገደኛውን ሁሉ እየጠራ «ግቡና እዩልኝ» ይል ነበር። በበጋ ባትሪው ሳይቸገር ይሞላል። በክረምት ግን ጉሙ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ይወርድና ግቢው ላይ ይተኛል። አድማሴ ሰሌዳውን ይወለውላል፣ ደመናው ወደ ሳሳበት ያዞረዋል፤ ሲያዞረው ያም ይደፈናል። ያለችው ኃይል ለማቀዝቀዣው እንድትተርፍ አምፖሉን ነቅሎ በኩራዝ ይሠራል።

ቴርሞሜትሩን አሳየኝ።

«የማቀዝቀዣው ሙቀት እየጨመረ ነው፣ ጋሼ። ከነገ ካለፈ ይህ መድኃኒት ውኃ ነው። ኩፍኝ ደግሞ ጎረቤት ቀበሌ ገብቷል።»

«እናቶቹን አትጠራም?»

«ጠራሁ እንጂ! ‹ልጄ ቆርቧል፣ በመርፌ አታድማብኝ፤ ጾሙ እስኪፈታ ጠብቅ› ይሉኛል። እኔስ በጠበቅሁ፤ ባትሪው ነው የማይጠብቀው!»

እውነታቸውን ነው። በፍልሰታ ሕፃናቱ ይቆርባሉ፤ የቆረበ ደግሞ ደም አያፈስም። አድማሴም ጿሚ ነው፣ ሥርዓቱን ያከብራል። ያንገበገበውም ይኸው ነበር፤ የሚጣላው ሰው አጣ። ባትሪውን በእግሩ ገፋ አደረገው፤ ወዲያው ደንግጦ ሽቦው አለመላላቱን ጎንበስ ብሎ አየ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ቄስ ገብረ ሊባኖስ የነፍስ አባትዎ ናቸው፤ እርስዎን ይሰማሉ። እኔ ብላቸው ካድሬ የላከኝ ይመስላቸዋል። ያልተከተቡት ሕፃናት ነገን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ ሳይቆርቡ ወደ እኔ ይምጡ። ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ይህን ለእናቶቹ እንዲነግሩልኝ ይለምኑልኝ፣ ጋሼ።»