ጾሞ የመጣ ቱሪስት

የኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመቴን እንደጨረስሁ፣ በክረምቱ ዕረፍት፣ ከአባቴ ጋር ከሎስ አንጀለስ ወደ ቪየና ሄድን። የአክስቴ ልጅ ሠርግ ነበር። እኔ ግን ከሠርጉ ሌላ ጉዳይ ነበረኝ።

በዚያ ዓመት የሥነ ጥበብ ታሪክ ትምህርት ወስጄ ነበር። አስተማሪያችን የባሮክ ዘመን አብያተ ክርስቲያናትን በስክሪን ሲያሳየን፣ ወርቁንና በጣሪያው ላይ የሚበሩትን መላእክት አይቼ፣ የምማረው ይህንን ነው ብዬ ወሰንሁ። ወሬው የሎስ አንጀለስ ሐበሻ ወደሚሰበሰብበት ፌርፋክስ ሰፈር ቶሎ ደረሰ። አባቴ ታክሲውን ፓርክ አድርጎ ሻይ በሚጠጣበት ምግብ ቤት ጓደኞቹ ቀለዱበት።

"ነርሲንጉን ትታ ሥዕል ሜጀር አደረገች አሉ! ሶ፣ ስትመረቅ ታክሲህን ልትቀባልህ ነው?"

አባቴ አብሯቸው ሳቀ። ወደ ቤት ስንሄድ ግን፣ "ሥዕል ማየት ምኑ ነው ትምህርቱ?" ብሎ ጠየቀኝ። ስለዚህ ቪየና ውስጥ ከእነዚያ አብያተ ክርስቲያናት አንዱን አብሮኝ ገብቶ እንዲያይልኝ ፈለግሁ። ካየው ይገባዋል ብዬ አሰብሁ።

በደረስን ማግስት አክስቴ ቁርስ አብልታን ወጣን። ቤተ ክርስቲያኑ በአሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ጠበብ ያለ አደባባይ ዳር ነው። ከውጭ ሲታይ ያን ያህል አያስደንቅም። አባቴ በሩ ጋ ሲደርስ ኮፍያውን አወለቀ፤ የበሩን ድንጋይ ተሳለመና ወደ ኋላ ተመለሰ።

"አንቺ ግቢ፤ እኔ እዚህ እጠብቅሻለሁ።"

"ለምን አባዬ?"

"በልቻለሁ እኮ።"

"ቅዳሴ የለም። አሁን የሚገባው ቱሪስት ነው።"

"ቱሪስቱ ይግባ። እኔ ቱሪስት ነኝ?"

ክርክሩ እንደማያዋጣ አውቅ ነበር። አባቴ ሌሊት ታክሲ ይነዳል፤ እየነዳም ይበላል። በልቶ መግባት ነውር ስለሆነበት፣ እሑድ እሑድ ቅዳሴውን የሚከታተለው ከቤተ ክርስቲያናችን ውጭ፣ ፓርኪንጉ ውስጥ ቆሞ በድምፅ ማጉያ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ከውስጥ አጠገቤ ቆሞ አያውቅም። እኔም ብቻዬን መግባት አልወደድሁም። ተመለስን።

አክስቴ ስትሰማ በሳቅ ፈነዳች። "ጋሼ ደግሞ! እዚህ እኮ ሰው አይስክሬሙን እየላሰ ካልገባሁ ይላል። አንተ በሁለት እንቁላል ትፈራለህ?"

"የሚልሰው ይላስ፤ የራሱ ጉዳይ ነው" አላት።

በነጋታው ጠዋት አባቴ ገበታ አልቀረበም። ሆዱን ያመመው መስሎኝ፣ "ምን ሆነሃል?" አልሁት።

"ምን እሆናለሁ? ያንቺን ቤተ ክርስቲያን ልናይ አይደል?"

ገላውን ታጥቦ፣ ለሠርጉ ያመጣውን ነጠላ በሱፉ ላይ ደርቦ ነበር። ትራም ውስጥ ሰው ሁሉ አየው። እኔ ደግሞ ካልወደደው ምን እሆናለሁ እያልሁ እፈራ ነበር።

በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀ። እኔም አወለቅሁ። ጎብኚዎችን የምታስተናግደው ሴትዮ ወደ ጫማዎቻችን እያመለከተች፣ አያስፈልግም ለማለት ራሷን ነቀነቀች። በአገራችን ልማድ መሆኑን በእንግሊዝኛ ነገርኋት። የአባቴን ነጠላ አየት አደረገችና ከጠረጴዛዋ ሥር ለጫማዎቻችን ቦታ ለቀቀችልን።

ከዚያ ገባን። የእብነ በረዱ ቅዝቃዜ በካልሲዬ ዘልቆ ተሰማኝ። ዓምዶቹ እንደ ተገመደ ጧፍ ተጠማዝዘው ወደ ላይ ይወጣሉ። ከላይኞቹ መስኮቶች የገባው ፀሐይ ወርቁ ላይ ሲያርፍ ግድግዳው ራሱ የበራ ይመስላል። በስክሪን ሳየው የመዳፌን ያህል ነበር። አሁን እኔ ውስጡ ነበርሁ፤ መተንፈሴ ራሱ የሚሰማብኝ መሰለኝ።

አባቴን እጁን ይዤ ወለሉ መካከል ወዳለው ክብ ምልክት ወሰድሁትና፣ "ቀና በል" አልሁት።

በላያችን ትልቅ ጉልላት ወደ ሰማይ ይወጣ ነበር። አባቴ አማተበ። "እግዚኦ" አለ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ። ቆይቼ ወደ መሠዊያው አቅጣጫ ወሰድ አደረግሁትና እንደገና እንዲያይ ነገርሁት። ጉልላቱ ወደ አንድ ጎን ተንጋደደ።

"ወደቀ እኮ!" አለ ክንዴን ይዞ።

"ጣሪያው ጠፍጣፋ ነው አባዬ። ጉልላቱ ሥዕል ነው።"

"ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያታልላሉ እንዴ?"

የፈራሁት ይህን ነበር። ክፍል ውስጥ የተማርሁትን በአማርኛ ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበርና ቃሉ ሁሉ ጠፋኝ። በእጆቼ እያሳየሁ፣ ሠዓሊው ሰው የሚቆምበትን አንድ ቦታ መርጦ፣ እያንዳንዱን መስመር ለዚያ ሰው ዓይን ብሎ እንዳሰመረ ልነግረው ሞከርሁ። አባቴ እጆቹን በነጠላው ውስጥ አጣጥፎ እንደ ስብከት አዳመጠኝ። ከዚያ ብቻውን ወደ ክቡ ተመለሰ፤ ቀና ብሎ አየ። ራቅ ብሎ አየ። እንደገና ተመለሰ።

"እሱ እላይ ሆኖ ሲስል፣ እታች የቆመ ሰው እንዴት እንደሚያየው በምን አወቀ? እየወረደ ነው የሚያየው?"

"አላውቅም አባዬ።"

"አላውቅም ማለት ምን ማለት ነው? የምትማሪው አንቺ አይደለሽ? ትምህርት ሲከፈት ጠይቂና ንገሪኝ።"

"እሺ" አልሁ።

አክስቴ ለአባቴ ደወለችለት፤ ምሳ ደርሷል። አባቴ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ እንኳ አልቀመሰም። ስልኩን አጠፋና አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

"ትንሽ እንቆይ" አለኝ፣ ዓይኑን ከጣሪያው ሳያነሳ።